የፕሬዚዳንት ፊርማና የቀበሌ ጤና ኬላ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአሜሪካ የንግድ፣ የጤናና የውጭ እርዳታ ፖሊሲ ከሺንሺቾ ሲታይ

አኅጽሮተ ጥናት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በንግድ፣ በጤናና በውጭ እርዳታ የተከተሏቸው ፖሊሲዎች ለኢትዮጵያ ያስገኙት ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በተሰጠው ገንዘብ መጠን ነው። ይህ ጽሑፍ ሌላ መለኪያ ያቀርባል፤ ይኸውም ፖሊሲው በተለወጠ ማግስት በመጨረሻው ተቀባይ እጅ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ለመመልከቻነት የተመረጠችው በከምባታ ዞን የምትገኘው ሺንሺቾ ናት። ጽሑፉ የአሜሪካን ፖሊሲ መሣሪያዎች በሦስት ይከፍላል፦ ተቋም የተከሉ፣ አቅርቦት ያቀረቡና የገበያ በር የከፈቱ። የየመሣሪያው ዕድሜ የሚወሰነው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የማቋረጥ ሥልጣኑ በማን እጅ እንዳለና ሥራው ወደ አገር ውስጥ ባለቤት በመተላለፉ እንደሆነ ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ሺንሺቾ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በከምባታ ዞን፣ በቃጫ ቢራ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ እንሰት፣ ቡናና እህል የሚመረትበት፣ በአገሪቱ ከፍተኛ የሕዝብ ጥግግት ካላቸው የገጠር አካባቢዎች የሚመደብ ምድር ነው። የቤተሰብ ይዞታ ትንሽ በመሆኑ የበልግ ዝናብ በታጣበት ዓመት፣ እርሻው ለምልሞ እየታየ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በ2008 በከምባታ፣ በሐዲያና በወላይታ የታየው ችግር «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ አካባቢ ከዋሽንግተን ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የለውም። የሆነ ሆኖ የጤና ኬላው የወባ መመርመሪያ፣ የአልጋ አጎበሩ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ፣ የእርዳታ ስንዴው፣ እንዲሁም ወደ ሐዋሳ ፋብሪካ የሄደችው ወጣት ደመወዝ በአንድም በሌላም መንገድ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ጥያቄው ይህ ትስስር መልካም ነው ወይስ መጥፎ የሚል ብቻ አይደለም። ፊርማው ሲቀየር የትኛው ክር ይበጠሳል፣ የትኛውስ ይጸናል የሚለው ለጥናትም ሆነ ለዕቅድ የበለጠ ይጠቅማል።

2. ከትሩማን እስከ ጆንሰን፦ ተቋም የመትከል ዘመን

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጃንዋሪ 20 ቀን 1949 ባሰሙት የበዓለ ሢመት ንግግር አራተኛ ነጥብ አድርገው ያነሡት ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ እውቀት የማካፈል ሐሳብ «ፖይንት ፎር» በሚል ስም ይታወቃል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የቴክኒክ ትብብር ስምምነት የፈረመችው በ1951 ነው። በዚያው ዓመት የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውልም ተፈረመ። በ1953 ደግሞ የጦር እርዳታና በአሥመራ የሚገኘውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ የሚመለከቱ ስምምነቶች ተከተሉ። ስለዚህ የእውቀት እርዳታውና የቀዝቃዛው ጦርነት ስሌት ከመነሻው አብረው የተጓዙ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ይሁን እንጂ የዚህ ዘመን ልዩ ባሕርይ የተሠራው ሥራ መልክ ነው። የኋላው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በገባው ውል የጅማ የግብርናና የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1952 ተከፈተ፤ የዓለማያ የግብርና ኮሌጅም ተቋቁሞ ከ1956 ጀምሮ በራሱ ቅጥር ግቢ ማስተማር ቀጠለ። ውሉ እስከ 1968 ቆየ፤ በሌላ አነጋገር በትሩማን ተጀምሮ በአይዘንሃወርና በኬኔዲ አልፎ በጆንሰን ዘመን ተጠናቀቀ። አንድ ዴሞክራት የጀመረውን አንድ ሪፐብሊካን አላፈረሰውም ማለት ሳይሆን፣ ውሉ ራሱ በአንድ ፕሬዚዳንት ዘመን እንዲያልቅ ሆኖ አልተቀረጸም ማለት ይቀላል። በጤናውም መስክ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር የተደገፈ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር።

በኬኔዲ ዘመን የእርዳታው አደረጃጀት ተለወጠ። የውጭ እርዳታ ሕግ በ1961 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት (ዩኤስኤይድ) እና የሰላም ጓድ ተቋቋሙ። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው የሰላም ጓድ ቡድን አብዛኛው መምህር ሲሆን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የመምህራን እጥረት ለማቃለል ረድቷል። ቀጥሎም በ1971 በተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የሰላም ጓድ አባላት ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር በእግርና በበቅሎ ተጉዘዋል። በኢትዮጵያ የመጨረሻዎቹ የፈንጣጣ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1976 በባሌ ነው። ከጠቅላላው የጤና ትብብር ታሪክ ውጤቱ ጨርሶ ሊቀለበስ የማይችለው ይኸው ነው፤ የጠፋ በሽታ በጀት ሲቋረጥ አይመለስምና።

ከዚህ ጎን ለጎን በጁላይ 1954 በአይዘንሃወር የተፈረመው «የሕዝብ ሕግ 480» የአሜሪካን ትርፍ የእርሻ ምርት ወደ ውጭ ለመላክ በር ከፈተ። ሕጉ የአሜሪካን ገበሬ፣ የመርከብ ባለቤትና የተራበ ሕዝብ ጥቅም በአንድ ሰነድ ያጣመረ ስለነበር በዋሽንግተን ብዙ ጠበቃ አገኘ። የእህል እርዳታ ከሌሎች እርዳታዎች ይልቅ ፖለቲካዊ ውርጅብኝን የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአንጻሩ እርዳታው እህል ሆኖ ከውቅያኖስ ማዶ መጓጓዙ ጊዜና ወጪ ይወስዳል፤ በአገር ውስጥ ገበያ ላይ የሚያሳድረው ጫናም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል።

3. ካርተርና ሬገን፦ የልማትና የነፍስ አድን እርዳታ መለያየት

በፌብሩዋሪ 1977 የካርተር አስተዳደር በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ መቀነሱን አስታወቀ። ደርግ በኤፕሪል የቃኘውን ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎች በመዝጋት መለሰ። የልማት እርዳታው የተቋረጠው ግን በ1979 ሲሆን፣ ምክንያቱ በዋናነት ሕጋዊ ነበር። የሂክንሉፐር ማሻሻያ የአሜሪካውያንን ንብረት ያለ ካሳ ለወረሰ መንግሥት፣ የብሩክ ማሻሻያ ደግሞ ዕዳውን በወቅቱ ላልከፈለ መንግሥት እርዳታ እንዳይሰጥ ይከለክላሉ።

ከውርስ ክርክሮቹ መካከል የካላማዙ የቅመማ ቅመም ኩባንያ ጉዳይ ለንግድ ሕግ ተመራማሪዎች ትምህርት ሰጪ ነው። ኩባንያው በ1975 በኢትዮጵያ የነበረው የቅመማ ቅመም ፋብሪካ አክሲዮን ስለተወረሰበት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። በ1984 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለመዳኘት የ1951ዱን የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል መሠረት አደረገ። ሁለቱ መንግሥታት በጠላትነት በሚተያዩበት ጊዜ እንኳ ከ30 ዓመት በፊት የተፈረመው ውል ሕያው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በዲሴምበር 1985 የኢትዮጵያ መንግሥት ለተወረሱ የአሜሪካ ንብረቶች 7 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

በ1984 የተከሰተው ታላቅ ረሃብ የሬገንን አስተዳደር ከከባድ ምርጫ ፊት አቆመው። ከሶቪየት ኅብረት ጎን የተሰለፈን መንግሥት መርዳት ከፖሊሲው ጋር ይጋጫል፤ የሚራበው ሕፃን ግን የፖለቲካ ወገን የለውም። መፍትሔው እርዳታውን በሁለት መክፈል ሆነ፦ የነፍስ አድን እህል ተፈቀደ፣ የልማት እርዳታ እንደተዘጋ ቀረ። አሜሪካ በዚያ ወቅት ትልቋ የእህል ለጋሽ ሆነች። ይህ ክፍፍል የብዙ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ዘላቂ ውጤትም ነበረው፤ ረሃብን የሚከላከለው የመስኖ፣ የምርጥ ዘርና የአፈር ጥበቃ ሥራ በፖለቲካ ሲታገድ፣ ረሃቡ ከደረሰ በኋላ የሚመጣው ስንዴ ይፈቀዳል። እንደ ከምባታና ሐዲያ ላሉ ጠባብ ይዞታ ላላቸው አካባቢዎች የሚሻለው የመጀመሪያው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ የልማት ትብብሩ እንደገና ተከፈተ። በ2005 የተጀመረውና ከምባታን ጨምሮ በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚደርስባቸውን ወረዳዎች ያቀፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይህን የቆየ ክፍፍል ለማጥበብ የታሰበ ነበር። መሥራት የሚችለው ቤተሰብ በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ሥራ ተሳትፎ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል፤ መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይደገፋል። ፕሮግራሙ በመንግሥት መዋቅር የሚመራና ብዙ ለጋሾች በጋራ የሚደግፉት መሆኑ፣ የአንዱ ለጋሽ ፖሊሲ ሲዋዥቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይቆም አስችሏል።

4. ንግድ፦ የቡናና የልብስ ሁለት ታሪክ

የንግዱን ዘርፍ ለመረዳት ቡናንና ልብስን ማነጻጸር ይበቃል። የኬኔዲ አስተዳደር የደገፈው የ1962 ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለአምራች አገሮች የሽያጭ ኮታ በመመደብ ዋጋ እንዳይወድቅ ያለመ ነበር። ዓላማው በላቲን አሜሪካ የኮሚኒዝምን መስፋፋት መግታት ቢሆንም የኢትዮጵያ ገበሬም ተጠቃሚ ሆነ። በ1989 የኮታው ሥርዓት ፈረሰ፤ የዓለም ዋጋም በአጭር ጊዜ ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዚያን ጊዜ ቡና ለኢትዮጵያ ከፍተኛው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለነበር፣ በዋሽንግተንና በለንደን የተካሄደው ድርድር መጨረሻው የገበሬው ጓሮ ነበር።

በሜይ 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የአፍሪካ የዕድገትና የንግድ ዕድል ሕግ (አጎዋ) የተለየ መንገድ ተከተለ። ሕጉ ከተመረጡ የአፍሪካ አገሮች የሚገቡ ሸቀጦችን ከቀረጥ ነፃ ሲያደርግ፣ ዕድሉ ግን ውል ሳይሆን የአንድ ወገን ስጦታ ነው። ፕሬዚዳንቱ የየአገሩን ብቁነት በየዓመቱ ይመረምራል፤ የሰብዓዊ መብት አያያዝ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ከመነሻው ተጠቃሚ ሆና ቆይታ፣ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በአብዛኛው ይህን ገበያ ታሳቢ አድርጎ ተሠራ። ሠራተኞቹ ከያኔው የደቡብ ክልል ልዩ ልዩ ዞኖች የመጡ፣ በብዛትም ወጣት ሴቶች ነበሩ።

በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የባይደን አስተዳደር ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ በኖቬምበር 2021 አስታወቀ፤ ውሳኔው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ጸና። በፓርኩ ቀዳሚ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች በዚያው ኖቬምበር ወር ሥራውን መዝጋቱን ገለጸ። የቅጣቱ ዒላማ መንግሥት ቢሆንም የመጀመሪያውን ጫና የተሸከመችው በጦርነቱ ውሳኔ ድርሻ ያልነበራት የልብስ ሰፊ ናት።

ቡና ግን በዚህ ውሳኔ አልተነካም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአሜሪካ መደበኛ የቀረጥ ሰንጠረዥ ቡና ከማንኛውም አገር ቢመጣ ከቀረጥ ነፃ ነበር። አሜሪካ ራሷ በሰፊው የማታመርተው ሸቀጥ በመሆኑ የሚከላከልለት የአገር ውስጥ አምራች አልነበረም። በኤፕሪል 2025 የትራምፕ አስተዳደር በጣለው አጠቃላይ ቀረጥ የኢትዮጵያ ቡና 10 በመቶ ቢጣልበትም፣ የአሜሪካ ሸማች የዋጋ ንረት ስላስጨነቀው ቡና በኖቬምበር 2025 ከቀረጡ ተነሣ። ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት፣ አንድ ሸቀጥ በአሜሪካ ገበያ የሚጸናው በልዩ ችሮታ ሲገባ ሳይሆን ገዢው ራሱ ሲፈልገው መሆኑ ነው።

5. ጤና፦ የሠራተኛው ደመወዝና የመደርደሪያው አቅርቦት

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በጃንዋሪ 2003 ይፋ ያደረጉት የኤድስ አስቸኳይ እርዳታ ዕቅድ (ፔፕፋር) ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር የታሰበለት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከትኩረት አገሮች አንዷ ነበረች። በኢትዮጵያ ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ2005 ተጀመረ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የፕሬዚዳንቱ የወባ መከላከል ዕቅድ ቀጥሎ ኢትዮጵያን አቅፎ አጎበር፣ የቤት ውስጥ ርጭት፣ የፈጣን መመርመሪያና የመድኃኒት አቅርቦትን ደገፈ።

በተመሳሳይ ወቅት የኢትዮጵያ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን በ2003 ጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው ከ30,000 በላይ ሆኑ፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት በጀት ይከፈላል። በሺንሺቾ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎችም መዋቅሩ ይኸው ነው። የሥርዓቱ ጥንካሬና ድክመት እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ የአገር ውስጥ መዋቅር አካል ናት፤ በእጇ የያዘችው መመርመሪያና መድኃኒት ግን በሰፊው ከውጭ ለጋሾች የሚመጣ ነው። ፖሊሲ ሲለወጥ ሠራተኛዋ ትቀራለች፣ መደርደሪያው ግን ይራቆታል።

ሁለተኛው ድክመት በየአራትና በየስምንት ዓመቱ የሚገለባበጥ ደንብ ነው። በ1984 በሬገን የወጣው የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ከአሜሪካ የቤተሰብ ምጣኔ ገንዘብ የሚቀበሉ የውጭ ድርጅቶች በሌላ ገንዘብም ቢሆን ከፅንስ ማቋረጥ ጋር የተያያዘ አገልግሎት እንዳይሰጡ ይከለክላል። ክሊንተን በ1993 ሻሩት፤ ቡሽ በ2001 መለሱት፤ ኦባማ በ2009 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2017 መልሰው ወደ አጠቃላይ የጤና እርዳታ አሰፉት፤ ባይደን በ2021 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2025 እንደገና መለሱት። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አገልግሎቱን በተወሰኑ ሁኔታዎች ስለሚፈቅድ፣ አንድ ድርጅት በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ትክክል ሆኖ በአሜሪካ ደንብ ከድጋፍ ውጭ ሊሆን ይችላል። በሥነ ምግባር ጥያቄው ላይ ሰዎች የተለያየ አቋም ቢኖራቸውም የአሠራሩ ጉዳት አያከራክርም፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ አቅርቦት ዓመታትን የሚሻ የማያቋርጥ ሰንሰለት ሲሆን፣ ደንቡ የሚዘልቀው ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ ነው። መሬት በጠበበበትና ቤተሰብ በበዛበት አካባቢ የዚህ ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

6. የ2023ና የ2025 ውሳኔዎች

ሁለት የቅርብ ጊዜ ክስተቶች ከላይ የቀረበውን ትንተና ይፈትናሉ። በጁን 2023 አሜሪካ የምግብ እርዳታ ላልታለመለት ዓላማ እየዋለ ነው በሚል በመላው ኢትዮጵያ አቋረጠች፤ እርዳታው ደረጃ በደረጃ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ከሬገን ዘመን ጀምሮ ከፖለቲካ ውጭ ይታይ የነበረው የነፍስ አድን እህል እንኳ በአስተዳደራዊ ውሳኔ ሊቆም እንደሚችል ታየ። ጥፋቱ የስርጭት ሰንሰለቱ ቢሆንም የተራበው ሰው ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ የባሰው በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ትራምፕ የውጭ ልማት እርዳታን ለ90 ቀናት ያገዱበት ትእዛዝ ነው። ጁላይ 1 ቀን 2025 ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱን የቻለ ተቋም ሆኖ መሥራቱን አቆመ። በኢትዮጵያ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ይህ የሆነው በ2024 ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በተመዘገቡበት ማግስት ነው። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በ2015 የተራዘመው የአጎዋ ዘመን አበቃ።

ድንጋጤው ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደረው የጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር በቦታው ቆይቷል። በፖይንት ፎር ዘመን የተተከሉት የዓለማያና የጎንደር ተቋማት፣ ዛሬ የሐረማያና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ሆነው፣ ስለ እገዳው ማብራሪያ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከባድ ምት የደረሰው ደመወዙም፣ አቅርቦቱም፣ የመረጃ ሥርዓቱም በአንድ ውጫዊ ውል ላይ በተንጠለጠለው ሥራ ላይ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከትሩማን እስከ ትራምፕ ያለው ታሪክ የልግስናና የጭካኔ ተራ አድርጎ ለማንበብ ያመቻል፤ ንባቡ ግን በቂ አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ስሌት የተጀመረው ኮሌጅ ዘላቂ ጥቅም ሰጥቷል፤ በመልካም ምኞት የተጀመረው የመድኃኒት አቅርቦትም በአንድ ቀን ትእዛዝ ተናግቷል። ልዩነቱ የመጣው ከለጋሹ ስሜት ሳይሆን ከመሣሪያው አሠራር ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው አባባል የውጭ እርዳታን ሁሉ ለመንቀፍ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ወርቁ ወደ ራስ መዝገብ እስኪገባ ድረስ ግን አባባሉ ማስጠንቀቂያነቱን አያጣም።

ከዚህ በመነሣት ለዕቅድ አውጪዎችና ለተመራማሪዎች ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በየወረዳው የውጭ ድጋፍ ሲመዘገብ ከመጠኑ ጋር የማቋረጥ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ፣ ማለትም በሕግ፣ በውል ወይም በፕሬዚዳንት ትእዛዝ የሚወሰን መሆኑ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ እንደ ወባ መመርመሪያና የወሊድ መቆጣጠሪያ ላሉ ጥቂት መሠረታዊ አቅርቦቶች የአገር ውስጥ መጠባበቂያ በጀት መያዝ፣ አጠቃላዩን እርዳታ ለመተካት ከመሞከር ይልቅ ተግባራዊ ነው። ሦስተኛ፣ የ2025 ውሳኔ በጤና ኬላ ደረጃ ያስከተለው ለውጥ ከመዘንጋቱ በፊት በአካባቢው ሊጠና ይገባል። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፤ የመድኃኒት መቀበያ መዝገብ፣ የወባ ሳምንታዊ ሪፖርትና የሴፍቲኔት የክፍያ ሰነድ በየወረዳው አሉ። ሺንሺቾንና አካባቢዋን የሚመለከተው ቀጣዩ ጥናት ሊጀምር የሚገባው ከእነዚህ መዛግብት ነው።